ሁለት ጊዜ የተሰደደው ሐኪምና የብረት ምስጢር፤ የማይክል ፖላኒ ሕይወት

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከፎርት ዎርዝ በስተምዕራብ፣ ሌክ ዎርዝ በተባለው ሐይቅ አጠገብ ያለውንና አንድ ማይል ያህል የሚረዝመውን የአውሮፕላን ፋብሪካ ሳታውቁት አትቀሩም። ከ1942 አንስቶ የጦር አውሮፕላን ሲሠራበት የኖረ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢ-24 ቦምብ ጣይም፣ ኤፍ-16ም በየዘመናቸው ከዚያ ወጥተዋል፤ ዛሬ ኤፍ-35 ይሠራበታል። በ1960ዎቹ ሥራውን የያዘው ጄኔራል ዳይናሚክስ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ በበረራ ላይ ሳለ ክንፎቹን ወደ ኋላ የሚያጥፈውን ኤፍ-111 የተባለ ጄት ያመርት ነበር። ዲሴምበር 22 ቀን 1969 ከእነዚህ ጄቶች አንዱ በኔቫዳ፣ በኔሊስ የአየር ኃይል ሠፈር ልምምድ ሲያደርግ ግራ ክንፉ ተገነጠለ። ሁለቱም በራሪዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ያረጀ አልነበረም፤ በጠቅላላው የበረረው መቶ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መርማሪዎች ስብርባሪውን ሲያገላብጡ፣ ክንፉን ከአካሉ ጋር በሚያጋጥመው ወፍራም ብረት ላይ ስንጥቅ አገኙ። ስንጥቁ ብረቱ በፋብሪካ ሲቀጠቀጥ ጀምሮ የነበረ፣ ቁጥጥሩን ሁሉ ሳይታይ ያለፈ፣ ከዚያም በበረራ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ የገፋ ነበር።

ብረት እንዴት ይደክማል? በልጅነቱ የሽቦ መኪና የሠራ ሁሉ ነገሩን በጣቱ ያውቀዋል። ጉጠት ሲታጣ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ይጠነክራል፤ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ጣት ያወቀውን ነገር አእምሮ እስኪረዳው ግን እስከ 1934 መቆየት ግድ ሆኗል። በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች በየፊናቸው የደረሱበትን አንድ ዓይነት መልስ አሳተሙ። ከሦስቱ የአንዱን ሕይወት ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ሰውየው ማይክል ፖላኒ ይባላል። ኬሚስቶች በኬሚስትሪው፣ ፈላስፎች በፍልስፍናው ያውቁታል። እኛ የመረጥነው ግን ሌላም ምክንያት ስላለን ነው፤ ስሙ የሚነሳባቸውን ሥራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሠራው በሰው አገር ነው።

ፖላኒ በማርች 1891 ቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የባቡር ሐዲድ የሚያስገነባ መሐንዲስ፣ እናቱ ሴሲል ደግሞ ቤቷን ለከተማው ጸሐፍትና ለአሳቢዎች ክፍት ያደረገች ሴት ነበረች። ቤተሰቡ ይሁዲ ቢሆንም ልጆቹ ያደጉት እንደ ማንኛውም ሃንጋሪያዊ ነው። ፖላቼክ የነበረው የቤተሰብ ስማቸው እንኳ ፖላኒ በሚል የሃንጋሪ ቃና ባለው ስም ተለውጧል። አባትየው ንግዱ ከሠረበት በኋላ በ1905 ሞተ፤ ልጆቹ ከምቾት ወደ ችግር ወረዱ። ከወንድሞቹ አንዱ ካርል ፖላኒ ነው። የምጣኔ ሀብት ታሪክ ያነበባችሁ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ታስታውሱታላችሁ። በእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች መካከል የነበረውን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ከእኛ ከስደተኞች ቤት የወጣ ታሪክ ይመስላልና።

ማይክል የተማረው ሕክምና ነው፤ በ1913 ከቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኖ ወጣ። ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነበር። ወደ ጀርመን፣ ወደ ካርልስሩኸ ሄዶ ገና ተማሪ ሳለ የጻፈውን አንድ የሙቀት ሳይንስ ጽሑፍ አስተማሪው ለአልበርት አንስታይን ላከለት፤ አንስታይንም ወደደው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ጦር ውስጥ በሐኪም መኮንንነት ተሰለፈ። ታሞ በተኛበት ጊዜ ጋዞች በጠጣር ነገር ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ ሲመረምር ከረመ፤ የዶክትሬት ጽሑፉም ይኸው ሆነ።

በ1918 የኦስትሮ-ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ፈረሰ። ካሮሊ የሚባለው ለዘብተኛ መሪ መንግሥት ሲያቋቁም ፖላኒ በጤና ሚኒስቴር ተቀጠረ። መንግሥቱ ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየም። ተከትሎት የመጣው የቤላ ኩን ኮሚኒስታዊ አገዛዝ 133 ቀን ገዝቶ ወደቀ። ከዚያ የአድሚራል ሆርቲ ሰዎች መጡ፤ በቀልና ግድያ፣ ቀጥሎም በ1920 ይሁዲዎች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበትን ቁጥር የሚወስን ሕግ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አገዛዝ ማለት ነው፤ በሦስቱም ዘመን ስሙ በአንደኛው ወገን መዝገብ የሚሰፍር ሰው ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተባረረ። በ1919 ማለቂያ ላይ ሻንጣውን ይዞ ወደ ካርልስሩኸ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በሃንጋሪ ኖሮ አያውቅም። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር።

በርሊን የደረሰው በ1920 ነው። ዳህለም በተባለው ሰፈር የካይዘር ዊልሄልም ማኅበር የምርምር ተቋማት ተኮልኩለው ነበር፤ እሱ የገባው ጭረት ከሚያጠናው ነው። ጭረት ስንል የጥጥ፣ የተልባ፣ የሐር ክር መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ኤክስሬይን በክር ውስጥ አሳልፎ ከኋላው በፊልም ላይ የሚያርፉትን ነጠብጣቦች መፍታት ነበር፤ ፈታቸው። ይህ ዘዴ ለክር ከሠራ ለብረት ሽቦስ? ሄርማን ማርክና ኤሪክ ሽሚድ ከተባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የዚንክ ሽቦ መሳብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ብረት ምን እንደሆነ እንይ። ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅ፣ ሁሉም ክሪስታል ናቸው። አተሞቻቸው እንደ ሰልፈኛ ወታደር በረድፍና በንብርብር ይቆማሉ። እቤታችን ያለው ማንኪያ በዓይን የማይለዩ የብዙ ሺህ ክሪስታሎች እጭቅ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ክሪስታል ለብቻው ምን እንደሚያደርግ ከማንኪያ ማወቅ አይቻልም። እነ ፖላኒ የያዙት ሽቦ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክሪስታል ነበር። ሲስቡት እንደ ተራ ሽቦ እየቀጠነ ብቻ አልሄደም፤ ክቡ ሽቦ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ሆነ፤ ርዝመቱም ብዙ እጥፍ ጨመረ። በኤክስሬይ ሲመረምሩት የአተሞቹ ንብርብሮች አንዱ በአንዱ ላይ መንሸራተታቸውን፣ ንብርብሮቹም ወደሚሳቡበት አቅጣጫ መዞራቸውን አዩ። የካርታ እሽግ በጠረጴዛ ላይ ገፋ ሲያደርጉት እንደሚሆነው ነው፤ እያንዳንዱ ካርታ አይለጠጥም፣ እሽጉ ግን ይረዝማል። ሥራው በ1922ና በ1923 ታተመ።

መንሸራተቱን በዓይን ያዩ ሰዎች ከእነሱ በፊትም ነበሩ። በ1899 ካምብሪጅ ላይ ጄምስ አልፍሬድ ዩዊንግና ዋልተር ሮዘንሃይን የተባሉ ሁለት ሰዎች ብረት እንደ መስታወት አጥርተው ወልውለው፣ በማይክሮስኮፕ ሥር እያዩት ሳቡት። ብረቱ መታዘዝ ሲጀምር በገጹ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። ስንጥቅ ይመስላሉ፤ ስንጥቅ ግን አልነበሩም። አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት ዳር ላይ ደረጃ ይተዋል፤ ብርሃን በደረጃው ጎን ላይ ሲያርፍ ወደ ዓይን ስለማይመለስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስሊፕ ባንድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ እኛ የመንሸራተት መቀነት ብንላቸው የሚያስቀይም አይመስለንም። ይኸው ዩዊንግ በ1903 ሀምፍሪ ከሚባል ባልደረባው ጋር ብረት ደጋግሞ እያጎነበሰና እያቃና ሲመለከት፣ መቀነቶቹ እየሰፉ ሄደው በመጨረሻ እውነተኛ ስንጥቅ ሲሆኑ አየ። የልጆቹ የሽቦ መኪና ጉዳይ በማይክሮስኮፕ ታየ ማለት ነው።

ታየ እንጂ አልተፈታም። የበርሊኑን ቡድን እንቅልፍ የነሳው የሒሳብ ነገር ነው። አንድ የአተም ንብርብር ሙሉውን በአንድ ጊዜ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት የሚያስፈልገውን ኃይል ማስላት ይቻላል፤ ሩሲያዊው ያኮቭ ፍሬንክል በ1926 አስልቶታል። ውጤቱ ግዙፍ ነው። ንጹሕ የብረት ክሪስታል ግን ከዚያ ኃይል በሺህ እጅ ባነሰ ይታዘዛል። በሒሳቡ መሠረት ጋሻ መሆን የሚገባው የመዳብ ዘንግ፣ አንድ ክሪስታል ከሆነ፣ በእጅ ይጎብጣል። ይባስ ብሎ አንዴ ከጎበጠ በኋላ ያው እጅ መልሶ ሊያቃናው ያቅተዋል። ደካማ መሆኑ አንድ እንቆቅልሽ፣ በተጎዳ ቁጥር መጠንከሩ ሌላ እንቆቅልሽ። የእኛ አገር አንጥረኞች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ብር ሲቀጠቀጥ ቆይቶ አልታዘዝ ሲላቸው መልሰው ወደ እሳት ያስገቡታል፤ ሲወጣ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን ግን ከቡዳፔስት እስከ ካምብሪጅ የሚነግራቸው አልነበረም።

ፖላኒ በ1923 ወደ ፍሪትዝ ሃበር ተቋም ተዛወረ። የቀኑ ዋና ሥራ የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ሆነ፤ ኋላ በ1963 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ዩጂን ዊግነር የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በእሱ ሥር ነው። የዚንኩ እንቆቅልሽ ግን አልለቀቀውም። በ1932 ሌኒንግራድ ውስጥ፣ ያው ፍሬንክል በሚሠራበት ተቋም፣ መፍትሔ ይሆናል ያለውን ሐሳብ በንግግር አቀረበ። ለማሳተም አልቸኮለም።

ጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ከዚያ ቀደም ብሎ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፖላኒን በፕሮፌሰርነት ጠርቶት ነበር፤ እሱ ግን በርሊንን መልቀቅ አልሆንልህ ብሎት ግብዣውን መልሶ ነበር። በኤፕሪል ይሁዲ የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያባርር ሕግ ወጣ። ሕጉ በጦርነቱ ለተሰለፉ ይሁዲዎች ልዩነት ያደርጋል፤ ፖላኒ የዚህ ልዩነት ተጠቃሚ ነበር፣ ወንበሩ አልተነካበትም። ባልደረቦቹ እየተባረሩ እሱ ወረቀት አሳይቶ የሚቀመጥበትን ወንበር ግን አልፈለገውም፤ ሥራውን ለቀቀ። ሃበርም ለቀቀ፣ በጥቂት ወራት ውስጥም በስደት ሞተ። ፖላኒ ሚስቱን ማግዳንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ወደ ማንቸስተር ተሻገረ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሦስተኛ አገር፣ ሦስተኛ ቋንቋ። ማንቸስተርን አንባቢዎቻችን በሌላ ታውቋት ይሆናል፤ ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው የሲልቪያ ፓንክኸርስት የትውልድ ከተማ ናት።

እዚያ ሳለ ነው ከኤጎን ኦሮዋን ጋር ደብዳቤ የተጻጻፈው። ኦሮዋንም የቡዳፔስት ልጅ ነው፤ በርሊን ተምሮ፣ ሂትለር ሲመጣ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እሱም ዚንክ ሲመረምር ኖሮ ወደዚያው ሐሳብ ደርሷል። የፖላኒን ሥራ ያውቅ ስለነበር በጋራ እናሳትም ሲል ጠየቀው። ፖላኒ ቀዳሚነቱን መጠየቅ ይችል ነበር፤ የሌኒንግራዱ ንግግር ምስክር ነው። እሱ ግን ሥራህ የራስህ ነውና ለየብቻ እንጻፍ፣ አብረው ይውጡ የሚል መልስ ሰጠው። በ1934 በጀርመኑ የፊዚክስ መጽሔት የኦሮዋን ጽሑፍ አለቀና በሚቀጥለው ገጽ የፖላኒ ጀመረ። በጋዜጣ ቤት የኖርን ሰዎች፣ ዜናውን ማን ቀድሞ አገኘ በሚል ስንት ወዳጅነት ሲፈርስ ያየን፣ ይህችን ነገር ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም። በዚያው ዓመት ካምብሪጅ ላይ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሁለቱንም ሳያማክር ያንኑ መልስ አሳተመ።

መልሱ ይህ ነው። ክሪስታል ፍጹም አይደለም። ከረድፎቹ መካከል የተዛነፈ ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ከላይ አሥራ አንድ አተሞች በቆሙበት ቦታ ከታች ያሉት አሥር ብቻ ይሆናሉ። ይህ የተዛነፈ መስመር ዲስሎኬሽን ተባለ። ንብርብሩ ሲገፋ ሙሉው በአንዴ አይነሳም፤ መዛነፉ ብቻ አንድ አተም፣ ከዚያ አንድ አተም እያለ ይሻገራል። ሰፊ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ጠምሞ ተነጥፎ ያቃና ሰው ይገባዋል። ጫፉን ይዞ መጎተት አሥር ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ዳር ላይ እጥፋት አበጅቶ በእግር እየገፉ ወደ ሌላው ዳር ማድረስ ግን አንድ ዲያቆን ይበቃዋል። እጥፋቱ ሲወጣ ምንጣፉ በእጥፋቱ ልክ ተራምዷል። ብረት ከስሌቱ በሺህ እጅ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መቀነቶቹ እንዴት ይፈጠራሉ? አንድ ዲስሎኬሽን ክሪስታሉን ተሻግሮ ገጹ ላይ ሲወጣ የሚተወው ደረጃ የአንድ አተም ያህል ነው፤ ይህ በተራ ማይክሮስኮፕ ጨርሶ አይታይም። የሚታየው ብዙ መቶና ሺህ መስመሮች በአንድ ቦታ ሲወጡ ነው። ለምን በአንድ ቦታ ይወጣሉ የሚለውን በ1950 ቻርልስ ፍራንክና ቶርንተን ሪድ መለሱት። ሁለት ጫፉ የተቸነከረ ዲስሎኬሽን ሲገፋ እንደ ቀስት ይለጠጣል፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ራሱን ይዞራል፤ ሙሉ ቀለበት ይለቃል፤ እሱ ግን ባለበት ይቀራል። ከዚያ ሌላ ቀለበት፣ ሌላ። ወፍጮ በሉት። በዚያ ላይ አንዳንዶቹ መስመሮች እንቅፋት ሲገጥማቸው ወደ ጎረቤት ንብርብር ይዘላሉ፤ እዚያም ሌላ ወፍጮ ይከፈታል። በዚህ ሁኔታ መንሸራተቱ በክሪስታሉ ሁሉ እኩል አይከፋፈልም፤ በጠባብ ቀበሌ ይሰበሰባል፤ ከቀበሌው ውጭ ያለው ሳይነካ ይቀራል። በ1948 አሜሪካኖች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአሉሚኒየም መቀነት ሲያዩ፣ በተራው ማይክሮስኮፕ አንድ መስመር የመሰለው ነገር እጅግ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮች ስብስብ ሆኖ ተገኘ።

መስመሮቹ ሲበዙ ደግሞ ይጠላለፋሉ፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። የጎበጠው ዘንግ አልቃና የሚለው በዚህ ነው፤ ቴይለርም በጽሑፉ በተለይ ያተኮረው በዚህ ነው። የአንጥረኛው እሳት ይህን ጥልፍልፍ ይፈታዋል። ብረቱ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሄደው መስመር በሄደበት አይመለስም። ገጹ ላይ ጥቂት ቅንጣት ይወጣል፣ ጥቂት ይሰረጉዳል፤ መቀነቱ በተወለወለ ቁጥር እዚያው ይመለሳል። ስርጉዱ ሲጠልቅ ስንጥቅ ይባላል።

ሃያ ዓመት ሙሉ ዲስሎኬሽንን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ከሒሳብ የማያልፍ ተረት ነው የሚሉም አልጠፉም። በ1956 ካምብሪጅ ላይ ፒተር ሂርሽና ባልደረቦቹ በስስ አሉሚኒየም ውስጥ መስመሮቹ ሲንቀሳቀሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩአቸው። ፖላኒ ያን ጊዜ ኬሚስትሪን ከተወ ስምንት ዓመት አልፎታል።

ለምን ተወው? እዚህ ላይ የሕይወቱ ሌላው ግማሽ ይመጣል። በ1935 ሞስኮ ሄዶ ከኒኮላይ ቡካሪን ጋር ተነጋግሮ ነበር። ቡካሪን ያስረዳው፣ በሶሻሊዝም ለራሱ ለእውነት ሲባል ብቻ የሚሠራ ሳይንስ የሚባል ነገር እንደማይኖር፣ ተመራማሪዎች ሁሉ በአምስት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ እንደሚጠቃለሉ ነው። ቡካሪን ራሱ በ1938 ተረሸነ። በ1936 የፖላኒ የእህት ልጅ ኤቫ፣ በሶቪየት የሸክላ ፋብሪካ የምትሠራ ዲዛይነር፣ ስታሊንን ለመግደል አሲረሻል ተብላ ታሰረች፤ አሥራ ስድስት ወር ከታሰረች በኋላ ተለቀቀች። ኋላ አሜሪካ ገብታ ኤቫ ዛይዝል በሚል ስም በሳህንና በጽዋ ሥራዋ ታዋቂ ሆናለች። በሌላው ወገን ደግሞ እህቱን ሶፊን ናዚዎች ከነባሏና ከነልጇ አጠፉበት። ሰውየው ከሁለቱም ያልተረፈ ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ጆን በርናልን የመሰሉ ታላላቅ ሳይንቲስቶች ሳይንስ በማዕከል ይታቀድ እያሉ ይሰብኩ ነበር። ፖላኒ በ1940 ከጆን ቤከር ጋር ሆኖ ለሳይንስ ነፃነት የሚቆም ማኅበር አቋቋመ። ክርክሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ የተበታተነ ሥዕል የሚገጣጥሙ ሰዎች እያንዳንዱ የሌላውን እያየ የራሱን ቁራጭ ያስገባል እንጂ፣ በአለቃ ትእዛዝ ቁራጭ ቢጠብቁ ሥዕሉ አይሞላም። ምሳሌ አድርጎ ካነሳቸው አንዱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ይህን ስም እኛ አገር የግብርና ሰዎች ያውቁታል። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር በበቅሎ እየዞረ የሰበሰበው ሩሲያዊ ነው። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የስታሊን ወዳጅ በዘር ሳይንስ ላይ ሲነሣ ቫቪሎቭ አልሸሸም፤ በ1940 ታሰረ፣ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። የሰው ዘር እንዳይራብ እህል ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ቤት ከመቶ በላይ የተፈጸመ ዕቅድ ዜና ሲታረም ያየ ሁሉ ፖላኒ ምን እንዳስፈራው ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ወንድሙ ካርል ግን ሶሻሊስት ነበር። ቪየና ኖሮ፣ በ1933 እሱም ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ሁለቱ በሶቪየት ነገር ላይ በደብዳቤ ለዓመታት ተከራከሩ፤ የኤቫ እስር ላይ ሳይቀር ተኳረፉ። ቢሆንም አልተቆራረጡም። አሜሪካ ሁለቱንም አንድ ያደረገቻቸው በቪዛ ነው። የካርል ሚስት ኢሎና በወጣትነቷ ኮሚኒስት ስለነበረች ወደ አሜሪካ እንዳትገባ ተከለከለች። ካርል ኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ቤቱን ካናዳ፣ ቶሮንቶ አጠገብ ሠርቶ ድንበር እየተሻገረ ኖረ፤ በ1964 እዚያው ሞተ። ማይክልን ደግሞ በ1951 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ሾመው። ማንቸስተርን ለመልቀቅ ተሰናድቶ ሳለ ቪዛ ተከለከለ። በጦርነቱ ዘመን ለጀርመን ስደተኞች ማኅበር ንግግር ማድረጉ እንደ ኮሚኒስትነት ተቆጥሮበት ነው። በኮሚኒዝም ላይ እንደሱ አድርጎ የጻፈ ሳይንቲስት እንግሊዝ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል! ኤምባሲ ደጅ ቆሞ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ እንዲህ ያለውን ፋይል ያውቀዋል። ጉዳዩ እስኪጣራ ወራት ሳይሆን ዓመታት አለፉ፤ ሹመቱም ቀረ።

ማንቸስተር ግን ቀድሞ በ1948 ያልተለመደ ነገር አድርጋለት ነበር። ከኬሚስትሪ ወንበሩ አንሥታ የማኅበራዊ ጥናት ወንበር ሰጠችው፤ የማስተማር ግዴታ ሳይኖርበት እንዲጽፍ። በ1958 ያሳተመው ትልቁ የፍልስፍና መጽሐፉ የዚያ ፍሬ ነው። ፍሬ ነገሩ ሰው በቃል ሊናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል የሚል ነው፤ ኤክስሬይ የሚያነብ ሐኪም ዓይን፣ የአንጥረኛ እጅ፣ በመጽሐፍ ተጽፎ አያልቅም። ሐኪም ሆኖ የተማረ፣ በእጁ ሽቦ ሲስብ የኖረ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስገርምም።

ቪዛው በኋላ ተስተካክሎለት አሜሪካ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ከ1969 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት በቺካጎና በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ንግግሮች አድርጓል፤ የመጨረሻ መጽሐፉ የተዘጋጀው ከእነዚህ ንግግሮች ነው። እንግዲህ በዚያው ዘመን፣ ከኦስቲን በመኪና ሦስት ሰዓት በሚሆነው ፎርት ዎርዝ፣ መሐንዲሶች ስለ ኤፍ-111 ክንፍ ይጨነቁ ነበር። ጄቶቹ ከበረራ ታገዱ። ከዚያ አንድ ቀላልና ጨካኝ ፈተና ታዘዘ። አውሮፕላኑ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ክንፉ በኃይል ይገፋል። ብረት ሲቀዘቅዝ ስንጥቅን የመቻል አቅሙ ስለሚያንስ፣ አደገኛ ስንጥቅ ያለበት ክንፍ እዚያው መሬት ላይ ይሰበራል እንጂ አየር ላይ አይጠብቅም። ቀጥሎ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1974 የንድፍ ደንቡን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሱ ብረቱ እንከን የለውም ብሎ ተነሥቶ ስንት ዓመት እንደሚኖር ያሰላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ስንጥቅ አለበት ብሎ እንዲነሣ፣ ስንጥቁም በሁለት ምርመራዎች መካከል አደገኛ መጠን ላይ እንደማይደርስ እንዲያስረዳ ተገደደ።

ማይክል ፖላኒ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1976 በእንግሊዝ ኖርዝአምፕተን በሰማንያ አራት ዓመቱ አረፈ። ኦሮዋን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሆኖ ኖሮ በ1989 ሞተ፤ በስተርጅናው ከብረት ወደ ታሪክ ዞሮ የኢብን ኻልዱንን ሐሳብ ያጠና ነበር። ፖላኒ በርሊን ሳለ በ1929 የተወለደው፣ በአራት ዓመቱ ወደ ማንቸስተር የተሰደደው ልጁ ጆን ካናዳ ሄዶ ኬሚስት ሆነ። በ1986 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ፤ ያገኘውም አባቱ በበርሊን፣ በሃበር ተቋም፣ ሲሠራበት በቆየው በኬሚካል ለውጥ ጥያቄ ላይ ነው።